የጋሼ ፊት በሸክላ

እህቴ የጋሼን ቱታ አልብሳ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝና፣ "አትተንፍስ አልልህም፤ ግን አትናገር" አለችኝ።

ቱታው የጋራዥ ቱታ ነው። ደረቱ ላይ ያለው የዘይት እድፍ ቢታጠብ ቢታጠብ አልለቀቀም። ጋሼ ታላቅ ወንድማችን ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደ፤ ሰሜን ላይ ሞተ። እህቴን እታለም ነው የምላት። የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበረች፣ የመጨረሻ ዓመት። የምትማረው ቅርጻ ቅርጽ ነው። ያን ቀን ከሸክላ ልትሠራ የፈለገችው የጋሼን ፊት ነበር። እሱ የለም። ስለዚህ እኔ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ "ቁርጥ ወንድሙን" ይለኝ ነበርና።

ፊቱን ለምን እንደፈለገችው አስቀድሜ ልናገር። ካለዚያ የቀረው አይገባም።

መርዶው የመጣው እንደ ወጉ ማለዳ ነው። ጎረቤት ሁሉ በራችን ላይ ተሰብስቧል። ከፊት የቆሙት እማማ ናቸው፤ ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ጎረቤታችን፣ የሴቶቹ ዕድር ሰብሳቢ። ከቀበሌ የመጡት ሰውዬ ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘዋል። እናቴ በሩን ከፍታ ሁሉንም አየቻቸው። ምን ሊሉ እንደመጡ ወዲያው የገባት ይመስለኛል። ግን አልጮኸችም።

"ሬሳው የታለ?" አለች።

"እናታችን፣ እዚያው ነው ያረፈው" አሉ የቀበሌው ሰውዬ። "ከጓዶቹ ጋር።"

"እንግዲያው ፎቶውን አምጡልኝ።"

በእኛ ዘንድ ሬሳ ከሌለ የሟች ፎቶ ይወጣል፤ ልብሱ ይዘረጋል። አልቃሽ ፊቱን እያየች ነው ሙሾ የምታወርደው። እኛ ቤት ግን የጋሼ ፎቶ አልነበረም። ቤት ለቤት አሰሳ ይደረግ በነበረበት ጊዜ፣ ጋሼ ገና ተማሪ ሳለ፣ ከጓደኞቹ ጋር የተነሳው ፎቶ ነበረን። ይሄ ማነው፣ ያኛውስ የት ገባ እንዳይባል እናቴ ያለንን ፎቶ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። የክርስትናውም አልቀረም። ያን ጊዜ ልጇን አትርፋበታለች። አሁን ግን የሚታይ ነገር አጣን።

"ሳላየው አላለቅስም" አለች እናቴ። ድንኳን ሊተክሉ የመጡትን የዕድር ሰዎች መለሰቻቸው። በማግስቱ ሱቋን ከፈተች። ከቤታችን ፊት ለፊት ስኳርና ሳሙና የምንሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችን። ሰው መጥቶ "ነፍስ ይማር" ሲላት፣ "የማንን?" ትለዋለች። ሰውዬው ሳሙናውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

እማማ እህቴን ወደ ጥግ ወስደው፣ "እንባዋ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው" አሏት። "እንዲህ ያለው ሐዘን ሰው ይገድላል፣ ልጄ። አይቻለሁ።"

እውነታቸውን ነበር። እናቴ እህል አልቀምስ አለች። ቀሚሷ ይሰፋት ጀመር። ታወራለች፣ ትሸጣለች፣ መልስ ትሰጣለች፤ ግን ያቺ ሴትዮ እናታችን አልነበረችም። አንድ ጠዋት ቧንቧ ላይ ውሃ ስንቀዳ እታለም፣ "ፊቱን እሠራላታለሁ" አለችኝ። ባልዲውን አነሳሁ።

አሁን ስለ እታለም። በክፍሏ ቅርጻ ቅርጽ የመረጠች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ሥዕል የሚማሩ ሴቶች ነበሩ። እሷ ግን ድንጋይና ሸክላ አለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ሁለት ቀን አኮረፈች። ሸክላ ሥራ በሀገር ቤት የማን ሥራ እንደሆነና ሠሪዎቹ ምን እየተባሉ እንደሚሰደቡ ሁላችንም እናውቃለን። "አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ያስተማርኩሽ ገንቦ እንድትጠፈጥፊ ነው?" አለቻት። የሰፈር ልጆች ደግሞ ልብሷ ጭቃ ነክቶት ሲያዩ "ጭቃ ሹም መጣች" ይሉ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰምተው፣ "ጭቃ ሹም በአብዮቱ ተሽሯል፤ ይቺን ማን ሾማት?" ብለው እንደሳቁ አስታውሳለሁ።

እናቴን እሺ ያሰኛት ጋሼ ነው። "እኔ እጄ ዘይት ነው፤ እሷ እጇ ጭቃ ይሁን፤ ሁለታችንም ማታ እንታጠባለን" አላት። የእታለምን የመጀመሪያ መሣሪያዎች የሠራላትም እሱ ነው። የተሰበረ የመጋዝ ምላጭ ሞርዶ፣ እጀታ አስሮ አመጣላት። ሽቦም ከጋራዥ ያመጣላት ነበር። እሷ ምን ልትሠራ እንደሆነ አይጠይቅም። "ይበቃሻል?" ብቻ ነው የሚላት።

ለመመረቂያ የታሰበላት ሥራ ሌላ ነበር። ችቦ ያነሳች የፋብሪካ ሠራተኛ። ንድፉ ጸድቋል። መምህሯ ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ረጅም፣ ሲጋራ ከእጃቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው።

"ችቦዋስ?" አሏት።

"ችቦዋን ማንሳት አልቻልኩም፣ መምህር።"

"ታዲያ ማንን ነው የምትሠሪው?"

"ወንድሜን።"

"ምን ነበር?"

"መካኒክ ነበር። ከዚያ ወታደር።"

መምህሩ ሲጋራቸውን መጠጥ አደረጉ። "መካኒክ ላብ አደር ነው። ወታደር ጀግና ነው። በአንድ ራስ ሁለት መፈክር አገኘን ማለት ነው። ማን ይቃወማል?" አሉ። እኔ ልስቅ ነበር፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ እሷ ጠጋ ብለው፣ "ስሚ፣ ፎቶ ሳይኖር ፊት መሥራት ከባድ ነው። ከትዝታ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ይሠራል። ተጠንቀቂ" አሏት። ከዚያ አንድ ጆንያ ሸክላ አስያዙን።

ጆንያውን ያስያዙን ያለ ምክንያት አልነበረም። እታለም ከዚያ በፊት ቸኩላ በግቢያችን አፈር ጀምራ ነበር። የሰፈራችን፣ የቦሌ፣ አፈር ዋልካ ነው። ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ራስ ከግንባሩ እስከ አገጩ ለሁለት ተከፈለ።

በጥሩው ሸክላ ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ሥራ ጀመረች። በእንጨትና በሽቦ አጽሙን አቆመች፤ ሸክላውን እየጨበጠች ደረበችበት። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቱታውን ለብሼ እቀመጣለሁ። ማታ እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ሥራው ያምር ነበር። ችግሩ መምህሩ እንዳሉት ሆነ።

"ይሄ አንተ ነህ" አለች አንድ ቀን፣ ወደ ኋላ ሄድ ብላ እያየችው።

"ጋሼን እመስላለሁ አይደል የሚባለው?"

"ይባላል። ስትቀመጥ ግን አትመስልም። አንተ ስትቀመጥ ፈተና የምትጠብቅ ነው የምትመስለው።"

"ፈተና አለብኝ እኮ።"

"እሱ ፈተና ሲኖርበትም አይመስልም ነበር" አለች። በሽቦ ፊቱን ከላይ እስከ ታች ቆረጠችው። ሸክላው መሬት ላይ ጧ ብሎ ወደቀ። እኔ ፊቴን ነካሁ። ሳላስበው ነው።

ደግማ ጀመረች። ደግሞ እኔ ሆንኩ። ሦስተኛው ማንንም አልመሰለም። የመጽሔት ላይ ወታደር ይመስል ነበር። ያን ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ "ጆሮውን ረሳሁት" አለችኝ። "ጆሮው ምን ይመስል ነበር? አንተ ታስታውሳለህ?" ዐይኔን ጨፍኜ ፈለግኩት። የመጣልኝ ድምፁ ብቻ ነው። መኪና ሥር ተኝቶ "አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ" ሲለኝ። ፊቱ ግን አልመጣም። ሰው ወንድሙን ይህን ያህል ቶሎ ይረሳል ብዬ አላስብም ነበር። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሁለተኛ የሞተ ያህል ነው የተሰማኝ።

እማማም በመሃል መጥተው ያዩ ነበር። በር ላይ ቆመው ያማትባሉ።

"የጭቃ ሰው ማቆም ከእግዜር ጋር መፎካከር ነው" አሏት አንዴ። "ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕል እንጂ ሐውልት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"እማማ፣ ልሰግድለት እኮ አይደለም። እማዬ እንድታየው ነው።"

"እሷስ መቼ እዚህ ትገባለች?" አሉና ሄዱ።

እናቴ እውነትም ወደዚያች ክፍል ድርሽ አትልም ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ላምባ ገዢ መጣባትና ማንቆርቆሪያው እኛ ጋ ስለነበር ገባች። ማንቆርቆሪያውን አንስታ ስትዞር እታለም እንደገና የጀመረችውን ራስ አየች። ቆመች።

"ይሄ ማነው?"

"ጋሼ ነው" አለች እታለም፣ ቀስ ብላ።

"አይደለም።" እናቴ በአገጯ እኔን አመለከተች። "ይሄ ይሄኛው ነው። አፍንጫው የሱ ነው። የዚህን አፍንጫ እኔ አልሳብኩትም፣ ታምሜ ነበር። ለዚህ ነው እንዲህ ድፍጥ ያለው።"

እኔ በበርጩማው ላይ፣ እንዳልናገር ታዝዤ፣ ይህን ሰማሁ። እታለም ሳቋ አመለጣት። ከመርዶው ወዲህ እዚያ ቤት የተሳቀ የመጀመሪያ ሳቅ ይመስለኛል። እናቴ ግን አልሳቀችም። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

"ተነሳ" አለችኝ። በርጩማዬ ላይ ተቀመጠችና ራሱ የቆመበትን እንጨት በጉልበቶቿ መሃል አስገባች። "ውሃ አምጪ። ቅቤ ነበር የምይዝበት፤ ለዚህ ግን ውሃ ይሻለዋል መሰለኝ።"

አራስ ልጅ እንዴት እንደሚታሽ ያየ ሰው ያውቀዋል። ልጁ እንደተወለደ አጥንቱ ገና ለጋ ነው ይባላል። እናቱ በየቀኑ በቅቤ እያሸች ጭንቅላቱን ታቃናለች፣ ግንባሩን ትደፋለች፣ አፍንጫውን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ታች ትስባለች፤ ቆንጆ ሆኖ እንዲያድግ። እናቴ ያን ነው ያደረገችው። ሁለት መዳፏን በጆሮ ግንዱ ላይ ጫነች። አውራ ጣቶቿን ቅንድቡ ላይ አሳለፈች። ከዚያ አፍንጫውን ያዘች፣ ሳበች፤ ጣቷን ውሃ ነከረች፤ ደግማ ሳበች። የእጇ ፍጥነት አስገረመኝ። አታስብም። እጇ መንገዱን ያውቀዋል።

"ሲወለድ የአባቱን አፍንጫ ይዞ ነው የመጣው" ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን። "እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ጭንቅላቱም በዚህ በኩል ሹል ነበር። አያቱ 'ይሄ ልጅ ቆብ አይቀመጥለትም' አሉ። አስቀመጥኩለት።"

እታለም ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ታይ ነበር። የብዙ ቀን ሥራዋ እየተደፈጠጠ ነው። ጉንጩ ሄደ። አገጩ ሄደ። ላምባ ገዢው ከውጭ፣ "እትዬ፣ ኧረ መሸብኝ" ይላል።

እናቴ ሲበቃት እጇን አነሳች። እንጨቱ ላይ የነበረው የሕፃን ራስ ነበር። ትልቅ ሰው የሚያክል የሕፃን ራስ። ክብ፣ ለስላሳ፣ ግንባሩ ወጣ ያለ።

"እሱ ነው" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ግን ገና ነው። አላደገም" አለች። ድምፅዋ የፈራ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

እታለም ተጠግታ ከጎኗ በርከክ አለች። "እንግዲያው እናሳድገው፣ እማዬ።"

እንዲህ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ትዘጋና ትገባለች። ትነግራታለች፤ እታለም ሸክላ ትጨምራለች። ጥርስ ሲያወጣ ጉንጩ እንዴት እንደሰፋ። እርምጃ ሲጀምር ደጃፉ ላይ ወድቆ ቅንድቡ ላይ የቀረችው ጠባሳ። "ወደዚህ፣ ወደ ጆሮው። አዎ። ጠለቅ አድርጊያት፣ ደምታ ነበር።" ጆሮውን የነገረቻት ደግሞ በእጇ ይዛ ነው፤ "የግራው እንዲህ ወጣ ይል ነበር፤ በቀኝ ጎኑ እምቢ እያለ በዚህኛው ብቻ ስለሚተኛ ታጥፎበት ቀረ።" እታለም ትሰማለች፣ መጋዝ ምላጯ ይሄዳል። በአንድ ከሰዓት ሰባት ዓመት ሆነው፤ በሌላው አገጩ ረዘመ፤ ቀጥሎ ጢም አበቀለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዛሬ ስንት ዓመት ሞላው ብዬ ነበር የምገባው። እናቴም እየሠራች ሳታውቀው እንጀራ ትበላለች። እኔ እያጎረስኳት ነው፤ እጇ ጭቃ ስለሆነ። እማማ በር ላይ መጥተው ይህን አዩ። ስለ እግዜር የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሄደው ወጥ አመጡ።

እታለምም ዝም ብላ ትእዛዝ አልተቀበለችም። እናቴ ልጇን ቆንጆ ብቻ ልታደርገው ትፈልጋለች። "ጉንጩ አልጎደለም" ትላለች። "ጎድሎ ነበር፣ እማዬ፤ ጋራዥ ከገባ በኋላ ምሳ መች ይበላል?" ትላታለች እታለም። ይከራከራሉ። እታለም ታሸንፋለች፤ ምክንያቱም የትልቁን ሰው አጥንት እሷ ታውቀዋለች። አጥንት የት ቆዳውን እንደሚገፋ፣ ዐይን ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ። እናቴ የመጀመሪያውን ታውቃለች፤ እሷ የመጨረሻውን። መሃል ላይ ተገናኙ።

አፉ ግን እምቢ አለ። እናቴ ብትነግራት፣ እታለም ብትሠራ፣ የሌላ ሰው አፍ ሆነ። ያን ጊዜ ነው እኔ የተናገርኩት።

"ብሎን ይይዝ ነበር" አልኩ።

"ምን?"

"ሲሠራ። የፈታውን ብሎን እንዳይጠፋበት ከንፈሩ ላይ ይይዘዋል። ብሎኑ ሳይኖርም አፉ እንደዚያ ነበር።" ቱታው ኪስ ውስጥ እጄን ሰድጄ ብሎን ብፈልግ የለም፤ ከትምህርት ቤት የያዝኩት ጠመኔ ግን ነበረኝ፣ እሱን በከንፈሬ በግራ በኩል ያዝኩና አየኋቸው። ጋሼ እንደሚያደርገው፣ ሊናገር ፈልጎ እንደማይችል ሰው። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እታለም ግን እኔን አታይም ነበር፤ ከንፈሬን ብቻ ነው የምታየው። "እንዳትነቃነቅ" አለች። የግራውን ከንፈር ጫን አደረገች፤ ከጥጉ በአውራ ጣቷ ትንሽ አነሳችው። ሌላ ምንም አልነካችም።

ጋሼ ነበር።

ሊስቅ ነው። የያዘውን ነገር ተፍቶ አንድ ቀልድ ሊናገር ነው። እኔ ጠመኔውን ከአፌ ሳላወጣ አየሁት። ረስቼው የነበረ ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ ጆሮው፣ አካሄዱ፣ አንገቱ ላይ የሚጠመጥማት ጨርቅ።

እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወገቧ ላይ አሠረች፤ ለቅሶ እንደሚወጣ ሰው። ፊቱን በሁለት እጇ ሳትነካው ከበበችው። ከዚያ እንዲህ ብላ አወረደች፤

"በቅቤ አቃንቼ ያሳደግሁት ልጄ፣
በጭቃ መጣልኝ ዳግመኛ በእጄ።"

እማማ ከመንገድ ማዶ ሰምተው ሮጠው መጡ። ደፍ ላይ ሲደርሱ ራሱን አዩት። "አንተ ልጅ" አሉ፣ በሕይወት ያለ ሰው እንደሚያናግሩ። ከእግዜር ጋር መፎካከር ያሉትን ረሱት። ደረታቸውን መትተው የእናቴን ግጥም ተቀበሉ። ወዲያው ግቢው ሞላ። የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው መጡና ተከሉት፤ ማንም ጥሩልን ያላቸው የለም። እታለም ራሱን ከነማቆሚያው አውጥታ ድንኳኑ መሃል አቆመችው፤ ሥሩ ቱታው ተዘረጋ። የጋራዡ ልጆች እጃቸውን ሳይታጠቡ መጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። አንደኛው፣ "ኧረ ይሄ ሰውዬ ሊሰድበኝ ነው" አለና ተንሰቀሰቀ። የቀበሌው ሊቀመንበርም መጡ። ጭቃ ሹም አላሉም። ለእታለም እጅ ነሱ።

እናቴ ሦስት ቀን አለቀሰች። በአራተኛው ቀን ራበኝ አለች።

ከዚያ ወደ ጄሶ መገልበጥ ነበረበት። ሸክላ አይቆይም። መምህሩ ከሁለት ተማሪዎች ጋር መጥተው ነጩን ጄሶ በፊቱ ላይ ሲለጥፉ እናቴ ክንዴን ይዛ ነበር። ዐይኑ ተሸፈነ፣ አፍንጫው ተሸፈነ። "ቀበሩት" አለች። እታለም፣ "ጠብቂ፣ እማዬ" አለቻት። ሲደርቅ ቅርፊቱን ከፍተው ሸክላውን አወጡ፤ በውስጡ ደግሞ ሌላ ጄሶ አፈሰሱ፤ ሲደርቅ ቅርፊቱን ሰበሩት። ጠባሳዋም፣ ጆሮውም፣ የከንፈሩ ጥግም ሁሉም ነበር። መምህሩ ሲጋራቸውን ማቀጣጠል ረስተው በአፋቸው እንደያዙ፣ "የፊቱን መሠረት ማን ነው የሠራው?" አሉ።

"እናቴ ናት" አለች እታለም።

"አብረን ነው" አለች እናቴ። "እኔ እስከ መራመጃው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሷ ነው።"

የምርቃቱ ትርኢት ቀን የዕድሩ ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን ለብሰው በአውቶቡስ መጡ። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሥራ ነበር፤ መዶሻ የያዘ፣ ባንዲራ የያዘ፣ ክንዱን ወደ ላይ የዘረጋ። ሰው ግን የተሰበሰበው ጋሼ ጋ ነው። ፈታኞቹ ቆመው ነበር። አንዱ፣ "የሥራሽ መነሻ ምንድን ነው?" አላት እታለምን። መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ በዋዜማው ሳስጠናት የነበርኩት እኔ ነኝ። ስለ ሰፊው ሕዝብ የሚል ነገር ነበረበት። ሁሉንም ተወችው።

"እናቴ ልጇን ማየት ፈለገች" አለች። "ሌላ መነሻ የለኝም።"

ፈታኙ ወደ ጋሼ ዞሮ ብዙ ቆየ። ከዚያ ከጎኑ ለቆመው ፈታኝ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። በኋላ ስሟ ከሁሉም ቀድሞ ተጠራ። በዓመቱ ከቀረቡት ሥራዎች አንደኛ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እዚህ እልልታ አይፈቀድም ብሎ የሚያስቆማቸው አልተገኘም። እማማ ከሁሉም በላይ ጮኸው ነበር።

እናቴ በዚህ መሃል አዳራሹን ትዞር ነበር። መዶሻ የያዘው ትልቁ ላብ አደር ጋ ስትደርስ አንጋጥጣ አየችውና ለሠሪው ልጅ፣ "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ እናት አልነበረችውም እንዴ? አፍንጫውን ማንም አልሳበለትም" አለችው። ልጁ ሳቀ። ከዚያ ጠጋ ብሎ አየው፤ ሳቁን አቆመ።

አንዲት ጥቁር የለበሱ የማናውቃቸው ሴት ጋሼ ፊት ቆመው ሳይነቃነቁ ቆዩ። እናቴ ሄዳ ከጎናቸው ቆመች።

"የርስዎ ነው?" አሏት።

"የኔ ነው።"

"ሊናገር ነው እኮ።"

"ሁልጊዜም እንዲሁ ነው" አለች እናቴ። ፊቷ ላይ የነበረው ኩራት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ለሴትየዋ ጠባሳውን አሳየቻቸው፤ የወደቀበትን ደጃፍ ነገረቻቸው፤ ስለ ቆቡም፣ ስለ አያቱም። ሴትየዋም ስለራሳቸው ልጅ መናገር ጀመሩ። እዚያው ቆመው ብዙ አወሩ።

መምህሩ በመጨረሻ መጥተው፣ ትምህርት ቤቱ ራሱን እዚያው ማስቀረት ይፈልጋል አሉ። እታለም እናቴን አየቻት። እኔ እምቢ የምትል መስሎኝ ነበር።

"ሰው ያየዋል?" አለች እናቴ።

"በየቀኑ ያየዋል፣ እመቤት።"

"እንግዲያው ይቆይ። ቤት እኔ ብቻ ነኝ የማየው።" ደግማ አልዞረችም። በሩ ላይ ስንደርስ ለዘበኛው፣ "አደራ፣ ጨዋታ ይወዳል፤ ሰው አታሳጡት" አለችው።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ኦሎምፒያ ስንደርስ ሰው ወረደና ሦስታችን አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። እታለም በመሃል ነበረች። ጥፍሯ ውስጥ አሁንም ጄሶ ነበር። ከላይ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የአውቶቡሱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

"ቀጥሎ ማንን ትሠሪያለሽ?" አለች እናቴ።

"አንቺን።"

"እኔማ አልሞትኩም።"

"ለዚያ ነዋ። ተቀምጠሽልኝ፣ እየተናገርሽ ነው የምሠራሽ።"

እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች፤ የነጠላዋን ጥለት አስተካከለች።

"አፍንጫዬን እንዳታበላሺው ታዲያ" አለች።